ወተት በጉንጬ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የደረሰ መንገደኛ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ውኃው ላይ ነው። ቀጥሎ የእስጢፋኖስን ገዳም ይጠይቃል። መንገዱን ወደ አምባሰል ከቀጠለ ደግሞ ስለ ግሸን ማርያምና ስለ ውጫሌ ውል ይነገረዋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በልጦ የቆመውን ማሽላ ግን ማንም አያስጎበኘውም። ይህ ትረካ የዚያ ማሽላ ነው፤ ባሕር የተሻገረው ዘሩ ሳይንቲስቶች ፍርድ በሚሰጡበት ስስ መስታወት ላይ እስኪወጣ ድረስ።

የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። መጻሕፍቱ ስለ አንቀጽ 17 ብዙ ይላሉ፤ በዚያ ሰሞን የአገሩ ገበሬ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር አይጽፉም። የበልጉ ዝናብ ካልከዳ፣ ሚያዝያ በወሎ ረጅሙ ማሽላ የሚዘራበት ወር ነው። ክረምት ሲገባ ቡቃያው መሐል በሬ ገብቶ ሽልሻሎ ይደረጋል፤ ፍሬው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ቆረጣው ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሰባት ወር መሬት ላይ የቆመ እህል የዓመቱን ክፉ ቀን ሁሉ ያያል፤ የበልግ መዘግየት፣ የነሐሴ በረዶ፣ የመስከረም ዝናብ መቋረጥ። ስለዚህ የወሎ ገበሬ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ አይዘራም። ጅጉርቲው፣ ደገለቱ፣ ጨረቂቱ፣ አገዳው የሚመጠጠው ጥንቅሹ፣ ሁሉም በየስሙ ይታወቃል፤ ሁሉም በየጠባዩ ይፈለጋል።

ከስሞቹ ሁሉ የሚጣፍጠው «ወተት በጉንጬ» ነው። «ማርጩቄ» የሚባል ወንድምም አለው። ሁለቱም እንደ ሌላው ማሽላ በብዛት አይዘሩም፤ በሌላው ማሽላ መሐል ጥቂት ጥቂት ይደባለቁና ገና በእሸትነታቸው ተጠብሰው ይበላሉ። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ውስጡ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ምርቱም ብዙ አይደለም። ገበሬው ግን አልጣላቸውም። ለምን እንዳልጣላቸው ስሙ ይናገራል።

ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልያዝ፤ ነገሩ ወደ ውጭ ይወጣልና።

በ1919 ሮናልድ ፊሸር የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው በሮተምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። ጣቢያው ከ1843 ጀምሮ የትኛው ማዳበሪያ ስንት እንዳስገኘ ሲመዘግብ የኖረ ነው። መዝገቡ ተራራ ያህል ነበር፤ ጥያቄው ከመዝገቡ ምን ማመን ይቻላል የሚለው ነው። ፊሸር ያየው ችግር ለአምባሰል ገበሬ እንግዳ አይደለም። በተዳፋት ማሳ ላይ ከአናቱ አፈሩ ሳስቶ ድንጋይ ይወጣል፤ ከግርጌው ደለል ይተኛል። ጅጉርቲን ከላይ፣ ደገለትን ከታች ዘርቶ በኅዳር «ደገለት በለጠ» የሚል ሰው የመዘነው ዘሩን ሳይሆን ደለሉን ነው።

ፊሸር በ1926 ባሳተመው ጽሑፍና በ1935 ባወጣው መጽሐፍ መላውን አስቀመጠ። ማሳው አፈሩ በሚመሳሰልበት እየተለየ መደብ መደብ ይከፈል፤ በእያንዳንዱ መደብ ውስጥ የሚወዳደሩት ዘሮች ሁሉ ይግቡ፤ የትኛው የት እንደሚወድቅ ዕጣ ይወስን፤ ይህም ይደጋገም። እኛ ዘንድ ዕጣ የሚጣለው ሰው ለሰው እንዳያዳላ ነው። ፊሸር ያስጣለው ተመራማሪው ለገዛ ግምቱ እንዳያዳላ ነው።

ከዚያ የማሽላው ዘር መጓዝ ጀመረ። በ1960ዎቹ ሮክፌለር ፋውንዴሽን በሕንድ የዓለምን ማሽላ ሲያሰባስብ፣ እያንዳንዱ ናሙና «አይኤስ» የሚል ምልክትና ቁጥር ተሰጠው። የኢትዮጵያም ማሽላ ገባበት። ስሙ ቀረ፤ ቁጥሩ ተጓዘ። በ1963 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ሌላ ሥራ ተጀመረ። የእኛ ዓይነቶቹ ረጃጅም ማሽሎች የቀኑን ርዝመት እየለኩ ነው የሚያብቡት፤ አሜሪካ ሲዘሩ ሳያብቡ ውርጭ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ውርጭ በማያውቀው በፖርቶ ሪኮ ከአጫጭር ማሽሎች ጋር እየተዳቀሉ፣ ቴክሳስ ላይ እየተመረጡ፣ አጭርና ቶሎ ደራሽ እንዲሆኑ ተደረገ። ከዚህ ሥራ ሁለት የኢትዮጵያ ደም ያለባቸው መስመሮች ወጡ። አንደኛው «አይኤስ 12555» ከተባለ የኢትዮጵያ ዱራ ማሽላ የተገኘው ቢ35 ነው። ቢ35 ካበበ በኋላ ዝናብ ቢቋረጥበት ቅጠሉ ቶሎ አይረግፍም፤ ሌላው ሲነድ እሱ አረንጓዴ እንደሆነ ፍሬውን ይሞላል። ሁለተኛው ቢቲኤክስ623 ነው፤ ከወላጆቹ አንዱ ዘራዘራ የሚባለው የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ሁለቱንም ቆይተን እናገኛቸዋለን።

1973 ደረሰ። በኢንዲያና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግ እና ጆን አክስቴል ከዓለም ስብስብ ወደ 9,000 የሚጠጉ ናሙናዎችን ካጠኑ በኋላ ውጤታቸውን አሳተሙ። ይፈልጉ የነበረው ላይሲን ነው። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት፤ ማሽላ ደግሞ በላይሲን ድሃ ነው። ከዚያ ሁሉ ናሙና ላይሲናቸው ከፍ ብሎ የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ሁለቱም ከወሎ። ከመቶ እጅ ፕሮቲናቸው ውስጥ ላይሲኑ ከ3 በላይ ሆነ፤ በተራው ማሽላ 2 አካባቢ ነው። ይህን ማሽላ የበሉ አይጦች ተራውን ከበሉት የተሻለ ወፈሩ። ወሎ ውስጥ ባለ ብዙ ላይሲኖቹ ማሽሎች የሚጠሩባቸው ስሞች ወተት በጉንጬና ማርጩቄ ናቸው።

በዚያው ዓመት ወሎ በረሃብ ትረግፍ ነበር። ስለ ረሃቡ የተሠራው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1973 ነው። ከዓለም ማሽላ ሁሉ ለሰው ገላ የሚበጀውን ፕሮቲን ያሳደረው ጠቅላይ ግዛት ሕዝቡ መንገድ ዳር ወደቀ። ይህን ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጽሑፍ አላጋጠመኝም፤ አንዱ በሰብል ሳይንስ መጽሔት፣ ሌላው በፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ተለያይተው ቀርተዋል።

የኢትዮጵያ ባለሙያዎችም ዝም አላሉም። ብርሃነ ገብረ ኪዳን የአለማያን የማሽላ ምርምር ይመሩ ነበር፤ ከይልማ ከበደ ጋር ሆነው ገበሬው እነዚህን ማሽሎች እንዴት እንደሚያበቅላቸውና እንደሚበላቸው ጻፉ። ከአለማያ የወጡት ገቢሳ ኤጀታ ፐርዱ ገብተው በአክስቴል ሥር ተማሩ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተከፈተ። በመላኩ ወረደ መሪነት በ1984ቱ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይበላው በፊት ናሙና ለመሰብሰብ ሩጫ ተደረገ። በኋላም በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ዘሩ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ተሠራ። እዚህ ላይ ፈጠን ብዬ የማልፈው ነገሩ አንሶ አይደለም፤ ለብቻው መጽሐፍ ስለሚወጣው ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ።

አንድ የማሽላ ሕዋስ ውስጥ የተክሉ ጂኖች ሁሉ አሉ፤ ሥሩም ውስጥ፣ ቅጠሉም ውስጥ፣ ፍሬውም ውስጥ። ልዩነቱ የትኞቹ ይሠራሉ የሚለው ነው። በእስጢፋኖስ ገዳም ዕቃ ቤት መጻሕፍቱ ሁሉ ተቀምጠዋል እንበል፤ በአንድ ዕለት የሚወጡት ግን ለዕለቱ የሚሆኑት ናቸው፤ ለሕማማት ግብረ ሕማማቱ፣ ለየቀኑ ስንክሳሩ። የትኛው መጽሐፍ እንደወጣ ያየ ሰው በዓሉን ያውቃል። ጂንም ሲሠራ አርኤንኤ የሚባል ግልባጭ ያወጣል። ግልባጮቹን የቆጠረ ሰው ተክሉ ምን እያሰበ እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል፤ «እያሰበ» ማለት ከተፈቀደልኝ።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ግልባጭ የሚቆጠረው አንድ በአንድ ነበር። በጥቅምት 1995 ማርክ ሼናና ፓትሪክ ብራውን ያሉበት የስታንፎርድ ቡድን ብዙውን በአንዴ የሚያይበትን መንገድ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጣ። መስታወት ላይ 45 የአራቢዶፕሲስ ጂኖች ነጠብጣብ ሆነው ተደረደሩ፤ አራቢዶፕሲስ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ናሙና አርኤንኤ ይወጣል። የአንዱ ግልባጭ በቀይ ቀለም፣ የሌላው በአረንጓዴ ይነከራል። ሁለቱ ተደባልቀው መስታወቱ ላይ ሲፈስሱ እያንዳንዱ ግልባጭ የራሱን ጂን ነጠብጣብ ፈልጎ ይጣበቃል። በጨረር ሲነበብ ቀይ የደመቀው ነጠብጣብ በመጀመሪያው ናሙና የበዛ ጂን ነው፤ አረንጓዴው በሁለተኛው፤ ቢጫው በሁለቱም እኩል። ማይክሮአሬይ ማለት ይህ ነው።

ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ መስታወቱም ውድ ነበር። ውድ ስለሆነም ብዙ ቤተ ሙከራ አንድ ናሙና ከአንድ ናሙና ጋር አንድ ጊዜ አወዳድሮ ረጅም የጂን ዝርዝር ይዞ ይወጣ ጀመር። የፊሸር ደለል ተመልሶ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ቀለም እኩል አይጣበቁም፤ አንዳንድ ጂን ያለ ምንም ምክንያት ቀዩን ይወዳል። ቀዩን ቀለም በአየር ውስጥ ያለ ኦዞን ያደበዝዘዋል፤ በሞቃቱ ወራት የተሠራ መስታወት በቀዝቃዛው ከተሠራው ይለያል። ነጠብጣቡ ራሱ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ ቡቃያ ከጎኑ ካለው ቡቃያ ጋር አንድ አይደለም።

በ2001 ካትሊን ከር እና ጋሪ ቸርችል የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ወደ እርሻው መለሱት። አሜሪካ ሜይን ውስጥ በጃክሰን ላቦራቶሪ የሠሩ ናቸው። አንድ መስታወት፣ አሉ፣ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው መደብ ነው፤ ናሙናዎቹም ዝርያዎች ናቸው። ቃሉን ከሮተምስተድ ማሳ አንስተው ጂን ላይ አሳረፉት። መጀመሪያ የጠየቁት ማንን ከማን ጋር እናጣምር የሚለውን ነው።

ምሳሌውን ወደ እኛ ላምጣው። ጅጉርቲን፣ ደገለትንና ጨረቂትን በድርቅ ጊዜ ለማወዳደር ሦስት መስታወት አለን እንበል። የተለመደው መንገድ አንድ የጋራ ማነጻጸሪያ ናሙና ማዘጋጀት ነው፤ እንደ ገበያ ቁና፣ ሁሉም በእሱ ይሰፈራል። መልካም ነው፤ ግን ከስድስቱ ቦታ ሦስቱን ቁናው ራሱ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ማሽላ አንድ ጊዜ ብቻ ይለካል፣ የቁናውን ዋጋ ደግሞ ማንም አልጠየቀም። ከር እና ቸርችል ሌላ አሉ። ጅጉርቲ ከደገለት፣ ደገለት ከጨረቂት፣ ጨረቂት ከጅጉርቲ፤ ቀለበት ሆኖ ይዙር። በዚያው ሦስት መስታወት እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ አንዴ በቀይ፣ አንዴ በአረንጓዴ። የቀለሙ አድልዎ በዚያው ይጣፋል። ቀለበቱ የራሱ ድካም አለው፤ አንድ መስታወት ቢበላሽ ይፈታል፣ ዝርያው ሲበዛም ሩቅ ለሩቅ ያሉት በደንብ አይተያዩም። ቁናው ለዚህ አይሰበርም፤ ለዓመታት ናሙና እየጨመረ ለሚሄድ ሰው እሱ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ድግግሞሹ ነበር። የአንድ ተክል አርኤንኤ ሦስት መስታወት ላይ ቢፈስስ ሦስት ምስክር አይሆንም፤ አንድ ምስክር ሦስት ጊዜ ተናገረ እንጂ። ሦስት ለየብቻ የበቀሉ ተክሎች ናቸው ሦስት ምስክር። ይህን ዳኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቤተ ሙከራው ሰው ግን መስታወት እየቆጠረ ተክል መቁጠር ይረሳ ነበር። በዚያው በ2001 የውሂብ ባለሙያዎች ማንም ማይክሮአሬይ ያሳተመ ሰው ናሙናው ከምን፣ መቼ፣ እንዴት እንደተወሰደ እንዲጽፍ የሚጠይቅ ደንብ አወጡ። የሐይቁ አበ ምኔት ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ለገዳማቸው የሰጡት ወንጌል ማን እንደሰጠው የሚናገር ጽሑፍ አለበት፤ ሳይንስ ይህን ልማድ ዘግይቶ ነው የደረሰበት።

በ2005 ደግሞ ማሽላ መስታወት ላይ ወጣ። ክሪስቲና ቡካነንና ባልደረቦቿ 12,982 የማሽላ ጂን ክምችቶች የተደረደሩበትን ማይክሮአሬይ ይዘው ቡቃያ አስጨነቁ። ማሽላው የኢትዮጵያ ደም ያለበት ቢቲኤክስ623 ነበር። ቡቃያዎቹ በሦስት ተከፍለው ሦስት መከራ ተቀበሉ። አንዱ ጨው፣ 150 ሚሊሞላር። አንዱ ውኃን ከሥር የሚነጥቅ 20 በመቶ ፖሊኢትሊን ግላይኮል። አንዱ አብሲሲክ አሲድ፤ ይህ ተክል ራሱ ውኃ ሲጠማው የሚሠራው ምልክት ነው። ከሥርና ከቅጠል፣ ከ3 ሰዓትና ከ27 ሰዓት በኋላ ናሙና ተወሰደ። ተክል ሰዓት ያውቃልና ያልተነካ ማነጻጸሪያ በዚያው ሰዓት አብሮ ካልተወሰደ ድርቅ የተባለው ነገር የማለዳና የቀትር ልዩነት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ወደ 2,200 የሚሆኑ ጂኖች ሥራቸውን ቀይረው ተገኙ፤ ከነዚህ 174ቱ ምን እንደሚሠሩ ያኔ አይታወቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ። 12,982 ጂን ለየብቻ ሲፈተን፣ በመቶ አምስት ጊዜ መሳሳት ቢፈቀድ፣ አንድም ጂን ባይለወጥ እንኳ 649 ያህል «ተለወጡ» ተብለው ይወጣሉ። እስራኤላውያኑ ዮአቭ ቤንጃሚኒና ዮሴፍ ሆችበርግ በ1995፣ ያው መስታወቱ በተወለደበት ዓመት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ስንት እጁ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል የሚቆጣጠር ዘዴ አውጥተው ነበር። ሲያወጡት ስለ ጂን አላሰቡም፤ የዳነው ግን የጂን ሰው ነው።

ይሁንና እኔን ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ቡቃያን ድንገት 20 በመቶ መድኃኒት ውስጥ መንከር የአምባሰል ድርቅ አይደለም። የአምባሰል ድርቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ፤ መስከረም ዝናቡ ይቀንሳል፣ አፈሩ ከላይ ይሰነጠቃል፣ ማሽላው ዛላውን አውጥቶ ፍሬ ሊሞላ ሲል ሥሩ ውኃ ያጣል። ቢ35 የሚመሰገነውም ካበበ በኋላ ባለው መከራ ነው። የሳምንት ቡቃያ ስለዚያ ሊመሰክር የሚችለው ጥቂት ነው።

ቢ35ን ያሳደዱት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በ2000 አረንጓዴነቱን የሚያቆዩ አራት የዘረመል ክልሎች ካርታ ላይ ተቀመጡ። በ2007 ክልሎቹ ቶሎ ወደሚደርቅ የቴክሳስ መስመር አንድ በአንድ ተሸጋግረው ለየብቻ ታዩ። ኢትዮጵያዊው ካሳሁን ባንቴ በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ሥራ የቢ35ን ክልሎች አር16 ወደሚባል ቶሎ ወደሚደርቅ መስመር አስገብተው ፈተሹ። የዚህ ድካም ጥቅም እንዲህ ነው። ሁለት ባዕድ ማሽሎችን ብታወዳድር በሺህ ነገር ይለያያሉ፤ ከሺሁ የትኛው አረንጓዴነቱን እንዳመጣ አታውቅም። በአንድ ክልል ብቻ የሚለያዩ ወንድማማቾችን ብታወዳድር ግን ልዩነቱ ከዚያ ክልል አያልፍም። ፊሸር አፈሩን እኩል እንዳደረገ፣ እነዚህ ዘሩን እኩል አደረጉ።

በ2009 የማሽላ ሙሉ ዘረመል «ኔቸር» ላይ ታተመ፤ የተነበበው ያው ቢቲኤክስ623 ነው። ከዚያ ወዲያ ነጠብጣብ መደርደር ቀላል ሆነ። በ2015 የእንግሊዙ ደረም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቢ35ን ከአር16 ጋር በማይክሮአሬይ አወዳደረ። ከተለያዩት ጂኖች መሐል ጎልቶ የወጣው ፒ5ሲኤስ2 ነው። ይህ ጂን ሕዋስ ውኃውን እንዳይለቅ የሚረዳውን ፕሮሊን ያሠራል። በቢ35 ውስጥ ግልባጩ በዝቷል፤ ፕሮሊኑም ተለክቶ በዝቶ ተገኘ። የአር16 የዚሁ ጂን ማዘዣ ክፍል ከቢ35ው በብዙ ቦታ ይለያል። ሁለት ባዕዳንን ያወዳደረ ሙከራ እንደመሆኑ ፍርዱ በመስታወቱ ብቻ አልተሰጠም፤ ፕሮሊኑን ለብቻ መለካታቸው፣ የጂኑን ማዘዣ ማንበባቸው ነው ያቆመው።

ያኔ ማይክሮአሬይ እያረጀ ነበር። ግልባጩን ነጠብጣብ ላይ ከማጣበቅ ይልቅ በቀጥታ አንብቦ የሚቆጥር መሣሪያ ከ2008 ጀምሮ ተተክቶበታል። ቀይና አረንጓዴው ቀለም ቀርቷል። መደቡ፣ ዕጣው፣ ሦስቱ ምስክሮች ግን አዲሱንም መሣሪያ ተከትለው ገብተዋል።

በመጨረሻ ወደ ገበሬው ስሞች ልመለስ። በ1997 በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ የማሽላ ዝርያዎች ላይ የወጣ ጥናት ነበር። አወገቸው ተሾመና ባልደረቦቻቸው ገበሬዎች የሰጧቸውን ስሞች ከተክሎቹ ልኬት ጋር አነጻጸሩ፤ ስሙና ልኬቱ ተስማማ። ዛሬ በወሎ የማሽላ ሙከራ ማሳ ላይ ችካል ተተክሎ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ቦታውም በዕጣ የወጣ ነው። በኅዳር በዳር በኩል የሚያልፍ ገበሬ ቁጥሩን አያነብም። ዛላውን ወደ ራሱ ጎንበስ አድርጎ፣ ከፍሬው ጥቂት በመዳፉ አሽቶ ጉንጩ ውስጥ ይጨምራል።